ከፍትፍቱ ፊቱ፤ ወይም ማዕድን የጋራ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መብላት የሥጋ ግዴታ ነው። ሰው ሁሉ፣ ባለጸጋውም ድኻውም፣ ሊቁም ጨዋውም፣ ሆዱ ሲጎድል ይርበዋል፤ ሲሞላም ይጠግባል፤ በዚህ ረገድ ከእንስሳ የሚለይበት ነገር የለም። ከሰው ጋር መብላት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሰው ጋር ለመብላት የሚቀመጥ ሰው ከሆዱ በላይ የሆነ አንድ ጉዳይ ለመፈጸም ይቀመጣል። አባቶቻችን የጠብን ዕርቅ፣ የጋብቻን ደስታና የሐዘንን መጽናኛ ሁሉ በማዕድ ዙሪያ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውም ተረት የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ለእንግዳ ከሚቀርብለት ምግብ ይልቅ የአቅራቢው ፊት ይበልጥበታል ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ሁለት ሰዎች በአንድ ገበታ ፊት ቢቀመጡ ማዕዳቸው የጋራ ነው የሚባለው በምን ምክንያት ነው? ከአንድ ሳህን ስለ በሉ ነውን? ወይስ ለሁለቱም እኩል ስለ ደረሳቸው ነውን? ወይስ ከነዚህ ከሁለቱ የተለየ ሌላ ምክንያት አለ? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ወደ ባልና ሚስት ስናመጣው ይከብዳል። ባልና ሚስት በቀን ሦስት ጊዜ አብረው ቢበሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሺህ ጊዜ በላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ማዕድ የጋራ ካልሆነ ኑሯቸው የጋራ ነው ብሎ መናገር የሚያስደፍር አይመስልም።

ከመካከላችን ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ የመጀመሪያው ነው። «ከአንድ መሶብ የበላ ወንድም ነው» ይላል። አንዱ ሲቆርስ ሌላው ይቆርሳል፤ ወጡ ለሁሉም አንድ ነው፤ በመካከሉም ጉርሻ አለ። ይህ መልስ የልማዳችን ክብር ስለ ሆነ ማንም በቀላሉ ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን አንድ መልስ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ከሚስማማው ስፍራ ይልቅ ከማይስማማው ስፍራ ሲፈተን ነው። ስለዚህ ይህን መልስ ወደ ጃፓን አገር ይዘነው እንሂድ፤ በዚያ ከአንድ ሳህን መብላት እንደኛ የማዕድ መሠረት አይደለምና። (ጃፓንን በሚመለከት የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከ794 ዓ.ም. ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በኪዮቶ ከተማ፣ በካሞ ወንዝ አጠገብ፣ ፖንቶቾ የምትባል ጠባብ መንገድ አለች። ከግራና ከቀኝዋ ከእንጨት የተሠሩ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። አንድ ባልና ሚስት በክረምት ማታ ከሥራ በኋላ ወደ አንዱ ቤት ገቡ እንበል። በደጁ ላይ ኖሬን የሚሉት የጨርቅ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ መጋረጃው ከወጣ ቤቱ ክፍት ነው፣ ከገባ ተዘግቷል ማለት ነው። አስተናጋጆቹ በታላቅ ድምፅ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይሏቸዋል። ጫማቸውን አውልቀው፣ ታታሚ የሚባለውን ከሣር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ረግጠው፣ ከአጭር ገበታ ፊት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የሚመጣላቸው እጃቸውን የሚጠርጉበት በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ነው። ይህ ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብን ለምናውቅ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ምግቡ ይመጣል። ለባል የራሱ፣ ለሚስትም የራሷ ይቀርብላታል። ቀጭን ሾርባ በትንሽ ጣባ፤ ያልተቀቀለ ዓሣ በስሱ ተቆርጦ፤ ከዚያ የተጠበሰው፤ ከዚያ የተቀቀለ አትክልት፤ በመጨረሻም ሩዝና ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ ሚሶ የሚባል ሾርባ፣ በጨው ከታሸ አትክልት ጋር ይቀርባል። ሁሉም በየሳህኑ፣ ሁሉም በየድርሻው ነው። አንዱ ከሌላው ሳህን እጁን አያገባም። እንዲያውም በምግብ መብያው በትር አንሥቶ በሌላው በትር ማቀበል ታላቅ ነውር ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች የሟቹን አጥንት የሚለቅሙትና የሚቀባበሉት በበትር ስለ ሆነ ነው። በኛ ዘንድ ፍቅር የሚገለጽበት የማቀባበል ሥራ በነርሱ ዘንድ ሞትን ያስታውሳል። ባል ከምግቡ ጥቂት ለሚስቱ ሊያቀምሳት ቢወድ በትንሽ ሳህን ላይ አድርጎ በፊትዋ ያኖርላታል።

የኛ ሰው ይህን ቢያይ «ይህማ አብሮ መብላት አይደለም፤ ጎን ለጎን መብላት ነው» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገር ግን ፍርዱን ሳይጨርስ ወደ መጠጡ ይመልከት። በጃፓን ልማድ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሲጠጣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ለራሱ መቅዳት አይገባውም። ባል ለሚስቱ ይቀዳል፤ ሚስትም ለባልዋ ትቀዳለች። ከዚህ የሚከተለውን ነገር እናስተውል። ለራሴ እንዳልቀዳ የተከለከልሁ እንደ ሆነ ጽዋዬ ባዶ ሆኖ የሚቀረው ከፊቴ ያለው ሰው ካላየኝ ነው። እኔም የርሱን ጽዋ ሁልጊዜ መመልከት ይገባኛል። ከእንግዲህ ወዲያ አልሻም የሚልም ጽዋውን ሙሉ አድርጎ ይተወዋል፤ ቃል ሳይናገር ሌላው ይረዳዋል። እንግዲህ ሳህኑ ቢለያይም ዓይኑ የጋራ ነው ማለት ነው። ከአንድ መሶብ እየበሉ አንዱ ጋዜጣውን፣ ሌላው ስልኩን የሚመለከቱ ባልና ሚስት ግን እንጀራው አንድ ሆኖ ዓይኑ ሁለት ነው። ታዲያ ከነዚህ ከሁለቱ የጋራ ማዕድ የትኛው ነው?

ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ብቻውን አይበቃም። የሳህን አንድነት ለአብሮነት መልካም ምልክት ነው እንጂ አብሮነቱ ራሱ አይደለም። ምልክት ደግሞ ነገሩ ከሌለ ባዶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን የባዕድን አገር ልማድ እያሞገሱ ራስን የመናቅ ጠባይ እንዳይጋባብን መጠንቀቅ ይገባናል። ያ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ ለሌላው የሚቀዳበት ማታ በጃፓን አገር ከጥንት የነበረ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን በብዙ ቤት ለያንዳንዱ ሰው ሃኮዜን የምትባል ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነበረችው። ጣባውና በትሩ በውስጧ ይቀመጣሉ፤ በመብል ሰዓት ክዳኗ ተገልብጦ እንደ ገበታ ያገለግላል፤ ከተበላ በኋላም ጣባው በሙቅ ውሃ ወይም በሻይ ተለቅልቆ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። በገጠር ቤት በምድጃው ዙሪያ መቀመጫው ሁሉ በማዕርግ የተወሰነ ነበር። የቤቱ ጌታ ከሁሉ በላይ በሆነው ስፍራ ይቀመጣል፤ አዲስ የመጣች ምራት ግን ብዙ ጊዜ የማገዶው እንጨት በሚገባበት በዝቅተኛው ወገን ትሆናለች። ሩዝ የሚጨለፍበት የእንጨት ጭልፋ የቤት እመቤትነት ምልክት ስለ ነበረ አማቲቱ ለምራቲቱ እስክታስረክባት ድረስ ምራቲቱ እመቤት አትባልም ነበር። ዛሬም እንኳ በየሱቁ «የባልና የሚስት ጣባ» ተብሎ በጥንድ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ መልኩ አንድ ዓይነት ነው፤ የባል ግን ተለቅ፣ የሚስት ግን አነስ ያለ ነው።

በምግብ ቤትም እንዲሁ ነበር። ታላላቅ የተባሉት ምግብ ቤቶች በአብዛኛው የወንዶች መሰብሰቢያ ነበሩ። ነጋዴውና ሹሙ ከባልንጀሮቹ ጋር ጌይሻ የሚባሉ ሴቶች እየዘፈኑና እየቀዱ ሲያስተናግዱት ያመሻል፤ ሚስቱ በቤት ትጠብቀዋለች። በ1898 ዓ.ም. የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ሰቡን ሥልጣን ለቤቱ አለቃ ሰጥቶ ሚስትን ከባልዋ ሥልጣን በታች አድርጓት ነበር። የገበታው ሥርዓትና የሕጉ ሥርዓት አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተለወጡ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቻቡዳይ የምትባል እግርዋ የምትታጠፍ አጭር ገበታ በከተማ ቤቶች እየተስፋፋች ሄደች። ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንዲት ገበታ ዙሪያ ተቀመጠ፤ ሣጥኖቹም ቀስ በቀስ ቀሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ24ኛው አንቀጹ ጋብቻ በሁለቱ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረትና በባልና በሚስት እኩል መብት እንዲጸና ደነገገ። የዚህን አንቀጽ ረቂቅ የጻፈችው ቤያቴ ሲሮታ የምትባል የ22 ዓመት ወጣት ሴት ነበረች። ልጅነቷን በቶኪዮ ስላሳለፈች የጃፓን ሴቶች በቤታቸው የነበራቸውን ኑሮ በዓይኗ አይታ ታውቅ ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ወደ ሁለተኛው መልስ ይደርሳል። «እንግዲያስ ማዕድን የጋራ የሚያደርገው እኩልነት ነው» ይላል። ይህ መልስ ከመጀመሪያው የጠለቀ ነው። አንዱ ቆሞ የሚያስተናግድበት፣ ሌላው ተቀምጦ የሚበላበት፣ አንዱ የመረጠውን ሌላው የተረፈውን የሚያገኝበት ገበታ፣ መሶቡ አንድ ቢሆንም እንኳ፣ የጋራ ነው ማለት በቃል መቀለድ ነው። በዚህ ነገር እኛም ነፃ አይደለንም። መሶባችን አንድ ነው እያልን በብዙ ቤት ሚስት ወጥ ስትጨምር፣ እንጀራ ስታቀርብ፣ ውሃ ስታስታጥብ ቆይታ ባልና እንግዳ ከጠገቡ በኋላ ከጓዳ የምትቀምስበትን ልማድ ሁላችንም እናውቃለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤተ ሰባቸውን በእኩልነት አብረው እንዲመሩ ወሰነ። የተለያየ መንገድ ሄደን ወደ ተመሳሳይ ቃል ደርሰናል።

ይሁን እንጂ ሁለተኛውም መልስ ነገሩን አይፈጽመውም። ሕግ ሰውን እኩል ያደርገዋል፤ ፊቱን ወደ ጓደኛው እንዲመልስ ግን ሊያስገድደው አይችልም። በጃፓን አገር ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ሌላ ችግር መጣ። ባል ከመሥሪያ ቤቱ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይመለሳል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀጥሎ ወደ ማስጠኛ ቤት ይሄዳል፤ እናትም ከሥራዋ በመጣችበት ሰዓት ትበላለች። ሁሉም እኩል ነው፤ ሁሉም ብቻውን ነው። ብቻን ለመብላት ኮሾኩ የሚል ስም እስኪያወጡለት ድረስ ነገሩ አሳሳቢ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. ስለ ምግብ ትምህርት አንድ መሠረታዊ ሕግ ወጣ፤ በርሱም መሠረት የተዘጋጀው ዕቅድ ከቤተ ሰብ ጋር አብሮ መብላትን ከሚያበረታታቸው ነገሮች አንዱ አደረገው። መንግሥት ሕዝቡን «እባካችሁ አብራችሁ ብሉ» ብሎ እስኪመክር ድረስ መድረሱ ለኛም ትምህርት የሚሆን ነው። እኩል መሆንና አብሮ መሆን ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስረዳናልና።

እንግዲህ ሦስተኛውን መልስ ለመፈለግ ወደ ፖንቶቾ ባልና ሚስት እንመለስና የሚናገሩትን ሁለት ቃል እንስማ። ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን አጋጥመው «ኢታዳኪማስ» ይላሉ። ትርጓሜው «በትሕትና እቀበላለሁ» ማለት ነው፤ የቃሉ ምንጭ ከታላቅ ሰው የተሰጠን ነገር ከራስ በላይ ከፍ አድርጎ መቀበልን ያመለክታል። ከበሉ በኋላ ደግሞ «ጎቺሶሳማ» ይላሉ። በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «ቺሶ» የሚለው ክፍል በሚጻፍበት ፊደል «ወዲያና ወዲህ መሮጥ» ማለት ነው፤ ይኸውም እንግዳን ለማብላት አስተናጋጁ እህሉን፣ ዓሣውን፣ ማገዶውን ለማሰባሰብ የደከመውን ድካም ያስታውሳል። ሳህኑን ሳይሆን ሩጫውን ያመሰግናሉ ማለት ነው።

ከነዚህ ከሁለቱ ቃላት የምናገኘው ሐሳብ ይህ ነው። የሚበላ ሰው ሁሉ ተቀባይ ነው። ከመሬት ይቀበላል፤ ከገበሬ ይቀበላል፤ ነፍሱን ከሰጠ ፍጥረት ይቀበላል፤ ከአብሳይ ይቀበላል። በገበታ ፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ተቀባዮች መሆናቸውን ያወቁ እንደ ሆነ፣ አንዱ ሰጪ ነኝ ብሎ የሚኮራበት፣ ሌላውም ባለ ዕዳ ሆኖ የሚያጎነብስበት ምክንያት ይጠፋል። ማዕድ የጋራ የሚሆነው ሁለቱ ሰዎች በአንድነት ተቀባዮች መሆናቸውን ሲያውቁ፣ ይህንንም ዕውቀት ፊታቸውን ወደ ተጓዳኛቸው በመመለስ ሲገልጹት ነው ብለን ለመናገር እንደፍራለን።

ይህን መልስ በሦስት ተቃውሞ እንፈትነው።

የመጀመሪያው ተቃዋሚ «ለሚስቴ ቀለብዋን እሰጣለሁ፤ ደመወዜን ለቤቴ አውላለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለግብኛል?» ይላል። ለዚህ ሰው የሚሰጠው መልስ ከራሱ ቃል ይገኛል። «እሰጣለሁ» ብሏል። የሰጠውን ቆጥሯል፤ የተቀበለውን ግን አልቆጠረም። ደመወዙ ዱቄት ለመሆን፣ ዱቄቱ ሊጥ ለመሆን፣ ሊጡ ቦክቶ ለመጋገር፣ ወጡም ሽንኩርቱ ከመቁላላቱ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቢያስብ፣ በየቀኑ ከፊቱ የሚቀርበው ነገር የሌላ ሰው ሩጫ መሆኑን ይረዳ ነበር። የመሥሪያ ቤት ሰው የአለቃውን ፊርማ ለማግኘት የሮጠውን ሩጫ ለሳምንት ሲያወራ ይሰማል፤ የቤቱን ሩጫ ግን ለአንድ ደቂቃ ሲያወራ የሚሰማው የለም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «ሚስትን ምግብ ቤት መውሰድ የባለጸጎች ቅንጦት ነው፤ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ሊያስበው አይገባም» ይላል። ይህ ተቃውሞ በከፊል እውነት አለው። ቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፈል በምግብ ቤት ማምሸት ዕብደት ነው። ነገር ግን ተቃዋሚውን አንድ ነገር እንጠይቀው። ያ ገንዘብ ጨርሶ አይወጣም ወይስ በሌላ በኩል ይወጣል? ከባልንጀሮቹ ጋር ሥጋ ቤት ሲቀመጥ የማይቆጠር ብር፣ ከሚስቱ ጋር ሊቀመጥ ሲያስብ የሚቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው? በከተማችን የየትኛው ቤት ጥብስ እንደሚጣፍጥ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ሚስቱ ግን ከነዚያ ቤቶች የአንዱን እንኳ ወንበር የማታውቅ ሹም ጥቂት አይደለም። የጃፓኑ ነጋዴ በጥንት ዘመን ያደርገው የነበረውን እናስታውስ። ከሚስት ጋር አንድ ማታ መውጣት የሚጠቅመው ምግቡ ከቤት ስለሚሻል አይደለም። ጥቅሙ ሁልጊዜ ቆማ የምታበላ ሰው ለአንድ ማታ ተቀምጣ ስለምትበላ ነው፤ ባልም ሁልጊዜ ጀርባዋን የሚያየውን ሰው ፊቷን ስለሚያይ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። እርስዋ በተቀመጠችበት ማታ ሌላ ሰው ቆሟል። ድካሙ ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላ ትከሻ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በጃፓን ምግብ ቤት ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ ሳንቲም ቢተዉ ረስተውታል ብሎ ከኋላ ሮጦ የሚመልስ አስተናጋጅ አለ። መልካም ማስተናገድ የሥራው ክብር ነው እንጂ በጭማሪ ገንዘብ የሚገዛ አይደለም ብለው ያምናሉ። እንግዳውም ሲወጣ «ጎቺሶሳማ» የሚለውን ቃል ለአብሳዩና ለአስተናጋጁ ጭምር ይናገራል። በኛ አገር ጉርሻ መስጠት መልካም ነው፤ ኑሮ የሚጠይቀው ነገር አለና። ነገር ግን ብር የሰጠ ሁሉ አመስግኗል ማለት አይደለም። ለሚስቱ በለሰለሰ ቃል እየተናገረ አስተናጋጁን በጭብጨባና በቁጣ የሚጠራ ሰው፣ ልስላሴው ለሚስቱ የተሰጠ ፍቅር መሆኑ ያጠራጥራል። ተቀባይነቱን ያወቀ ሰው ለአንዱ ትሑት፣ ለሌላው ትዕቢተኛ ሊሆን አይቻለውም።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ከሁሉ የበረታ ነው። «ምግብ ቤትም ቢሄዱ፣ ቤትም ቢቀመጡ፣ የተሰለቻቸውን ልብ ማዕድ አይመልሰውም» ይላል። ለዚህ ተቃውሞ መልስ የሚሆን አንድ የጃፓን ሲኒማ አለ። ኦዙ ያሱጂሮ የተባለው ስመ ጥር የሲኒማ ሠሪ በ1952 ዓ.ም. ያወጣው ነው፤ ስሙም «በሩዝ ላይ የፈሰሰ የአረንጓዴ ሻይ ጣዕም» ማለት ነው። በቶኪዮ የሚኖሩ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ሚስት ከባለጸጋ ቤት የተወለደች ስለ ሆነች የገጠር ተወላጅ የሆነውን የባልዋን ጠባይ ትንቃለች፤ በተለይም ሩዙ ላይ ሾርባ አፍስሶ ሲበላ ማየት ያስመርራታል። እርሱ ግን ያልተጌጠ፣ ለልብ የቀረበ ነገር እንደሚወድ በትዕግሥት ይነግራታል። አንድ ቀን ባል ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ በአውሮፕላን ይነሣል፤ ሚስት ተኳርፋ ስለ ነበረች አልሸኘችውም። አውሮፕላኑ በሞተር ብልሽት ምክንያት ይመለስና ባል በሌሊት ወደ ቤቱ ይገባል። እርቦታል፤ ሠራተኛይቱ ተኝታለች። ሁለቱም ሊቀሰቅሷት አልወደዱም፤ ወደ ማድቤትም አብረው ገቡ። የገዛ ቤታቸው ማድቤት ሆኖ ሳለ ዕቃው የት እንዳለ አያውቁም፤ እየፈለጉ ሩዙን አገኙ፤ ሻይ አፈሰሱበት፤ እርስዋ ትንቀው የነበረውንም ምግብ አብረው በሉ። ልባቸውም በዚያ ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው? ምግቡ ከድኾች ምግብ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ስፍራው ማድቤት ነው። ጌቶችና እመቤት መሆናቸው ለአንድ ሌሊት ቀርቶ ሁለቱም ፈላጊዎች ሆኑ፤ አብረው ሲፈልጉና ሲያዘጋጁ ተያዩ። እንግዲህ ልብን የመለሰው ሻዩና ሩዙ ናቸው ማለት አንችልም፤ ነገር ግን ያለ ሻዩና ያለ ሩዙ የሚተያዩበት ሰዓት አልነበረም። ማዕድ ልብን በግድ አይመልስም፤ ልብ ሊመለስበት የሚችል ደጅ ግን ይከፍታል። ምግብ ቤትም ማድቤትም በዚህ እኩል ናቸው።

ደጁ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይኖርም። ጃፓኖች በሻይ ሥርዓታቸው «ኢቺጎ ኢቺኤ» የሚሉት አባባል አላቸው፤ «በአንድ ዕድሜ አንድ መገናኘት» ማለት ነው። ሐሳቡ ሴን ኖ ሪኪዩ ከተባለው ከ16ኛው መቶ ዓመት የሻይ መምህር ወገን የመጣ ሲሆን፣ አስፍቶ የጻፈበት ኢ ናኦሱኬ የተባለው ታላቅ ሹም ነው። አስተናጋጅና እንግዳ ብዙ ጊዜ ቢገናኙም የዛሬው መገናኘት ዳግመኛ አይመለስምና ሁለቱም በፍጹም ልብ ሊቀመጡ ይገባቸዋል የሚል ትምህርት ነው። ይህ ሹም የአገሩን በር ለውጭ መንግሥታት በመክፈቱ ጠላት በዝቶበት በ1860 ዓ.ም. በረዶ በሚጥልበት ጧት በኤዶ ቤተ መንግሥት በር አጠገብ ተገደለ። ለርሱም የመጨረሻ ማዕድ የሆነ አንድ ማዕድ ነበረ፤ በዚያ ማዕድ ሲቀመጥ ግን የመጨረሻው መሆኑን አላወቀም።

ባልና ሚስትን የሚያሳስታቸው ይህ ነው። ለእንግዳ ፊታችንን እናበራለን፤ ነገ ይሄዳልና። ለትዳር ጓደኛችን ግን «ነገም አለ» እንላለን፤ ነገም አለ እያልን ሺው ማዕድ ያልፋል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ወደ ጃፓን ሄደው የተመለከቱትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለወገናቸው አበርክተዋል። በዚያ ዘመን የነበሩት የኛ ሊቃውንት ጃፓንን የሚመለከቱት ልማዷን ሳትጥል ኃይለኛ የሆነችበትን ምስጢር ለማወቅ ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም በ1889 ዓ.ም. ከወጣው ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር ወስዷል። እነርሱ ፋብሪካውንና ሕጉን ተመለከቱ፤ ለዘመናቸው የሚገባው ይህ ነበር። ለኛ ዘመን ደግሞ ገበታውን መመልከት ይገባ ይሆናል። በበትር መብላት አያስፈልገንም፤ ታታሚም ማንጠፍ አያሻንም። ከርሱ የምንማረው ልማድ በራሱ አዳኝ አለመሆኑን ነው፤ ሕዝቡ ሣጥኑን ትቶ ገበታ እንደ ዘረጋ፣ ከገበታውም ተበትኖ እንደ ገና መሰብሰብ እንደሚፈልግ አይተናልና።

መሶባችን ታላቅ ሀብት ነው። ጉርሻችንም በዓለም ላይ ብዙ አቻ የሌለው የፍቅር ቋንቋ ነው። ይህን ሀብት የምንጠብቀው ግን በበዓል ቀን እያሞገስነው አይደለም። መምህሩ ለተማሪው፣ ሹሙ ለበታቹ፣ አባት ለልጁ ስለ እኩልነት ከማስተማሩ አስቀድሞ በቤቱ ገበታ ዙሪያ ማን እንደ ቆመና ማን እንደ ተቀመጠ ይመልከት። የቆመች ካለች ትቀመጥ፤ የጎደለውን ለማምጣት በተራው እርሱ ይነሣ። ከዚያም ፊቱን ወደ እርስዋ መልሶ ይብላ፤ ከፍትፍቱ ፊቱ ይበልጣል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሲሉ ለእንግዳ ብቻ እንዲሆን አልወሰኑትምና።